ቆርቆሮ ምን በደለህ?

ሐበሻ ወንድ ውጭ አገር ሰንብቶ አርባዎቹን ሲያጋምስ አንድ ነገር ፈትቶ ካልገጠመ እንቅልፍ አይወስደውም። አንዱ ሞተሩ የሞተ ቶዮታ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ያስተኛል። አንዱ ከአገር ቤት ባስመጣው ዘር ጓሮውን ጎመንና ቃሪያ ያደርገዋል። ሌላው ደግሞ የማኅበር ሊቀመንበር ይሆናል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ይሄኛው ነው። የኔ ጓደኛ የአየር ጠመንጃ ገዛ።

ጓደኛዬን መሐንዲሱ እንለዋለን። ሥራው አውቶቡስ መንዳት ነው። ማዕረጉን ያገኘው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ፈትቶ ከገጠመ በኋላ እፍኝ ሙሉ ብሎን ተርፎት፣ «ፈረንጅ ሲሠራ ያበዛዋል» ብሎ ብሎኑን ኪሱ የከተተ ዕለት ነው። በዚህ ሰው እጅ የገባ ጠመንጃ እንደተገዛ እንደማይቀመጥ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

የምንኖረው በርሚንግሃም ነው። ለጠመንጃ ነገር ከዚህ የተሻለ ከተማ አይገኝም። መሀል ከተማው አጠገብ እስከ ዛሬ «የጠመንጃ ሰፈር» የሚባል መንደር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1813 የተቋቋመው የአፈሙዝ መፈተኛ ቤትም አሁን ድረስ ቆሟል። በ1861 የከተማው ጠመንጃ ሠሪዎች ገንዘብ አዋጥተው ያቋቋሙት ቢ.ኤስ.ኤ. የሚባለው ኩባንያ ስሞል ሂዝ በሚሉት ሰፈር ፋብሪካውን ተክሎ መጀመሪያ ጠመንጃ፣ ቀጥሎ ብስክሌት፣ ኋላም ሞተር ሳይክል ሲያመርት ኖሯል። የአየር ጠመንጃ የጀመረው በ1905 ነው። ለእኛም ቢሆን ከተማዋ ፈጽሞ ባዳ አይደለችም። አያቶቻችን ሰናድር የሚሉትን ጠመንጃ የእንግሊዝ ጦር በውጊያ ያሟሸው በ1868 ወደ መቅደላ ሲወጣ አሮጌ ሜዳ ላይ ነው፤ የበርሚንግሃም ባለሙያዎችም ሰናድር ሠርተዋል። መሐንዲሱ ይህን ካነበበ ወዲህ ግዢውን «ቅርስ ማስመለስ» ይለዋል።

ቅርሱን ለማስመለስ የተጠየቀው ዕድሜውን የሚያሳይ መታወቂያ ብቻ መሆኑ ነው ያሰከረው። እንግሊዝ ውስጥ 18 ዓመት የሞላው ሰው ጉልበቱ ከ12 ፉት ፓውንድ የማያልፍ የአየር ጠመንጃ ያለ ፖሊስ ፈቃድ መያዝ ይችላል። 12 ፉት ፓውንድ ማለት አምስት ኪሎ ተኩል ገደማ የሚመዝን ዕቃ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ለማንሳት የሚበቃ ጉልበት ነው፤ በጁል ሲሰላ 16 ከምናምን ይመጣል። ነጋዴው በፖስታ ልኮ አይሸጥም፤ ፊት ለፊት ቀርበህ ነው የምትቀበለው። ሁሉም አገር እንዲህ ልቡ ሰፊ አይደለም። ስኮትላንድ ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ ለዚችም ፈቃድ አምጣ ትላለች። ጀርመን ያለ ፈቃድ የምትተወው እስከ 7.5 ጁል ያለውን ነው።

«ጠመንጃ ገዛሁ፤ ማንም ምንም አላለኝም!» እያለ ለምናውቀው ሰው ሁሉ ደወለ። በእኛ አገር ጠመንጃ ያነገተ ሰው ይፎክራል። ይሄ ደግሞ አውቶቡስ ይዞ ሌሊት ስለሚወጣ ሰው ሳይቀሰቅስ በሹክሹክታ ፎከረ።

የገዛው ያገለገለ ቢ.ኤስ.ኤ. ሜቲዮር ነው። ሞዴሉ ገበያ የወጣው በ1959 ስለሆነ፣ ብዙ እንግሊዛዊ ጎረምሳ ቆርቆሮ መምታት የተማረው በዚሁ ነው። የሱ 5.5 ሚሊ ሜትር ፍሬ የሚጎርሰው ዓይነት ነው። አሠራሩ ብዙ አያስደንቅም፤ ባሩድ የለበትም። አፈሙዙን ይዘህ ወደ ታች ስታጥፈው ውስጥ ያለው ወፍራም ሞላ ይጨመቅና ፒስተኑ በምላጩ ጥርስ ተይዞ ይቆማል። የእርሳሷን ፍሬ ከአፈሙዙ ቂጥ ታስገባለህ፣ አፈሙዙን ትመልሳለህ። ምላጩ ሲሳብ ሞላው ይለቀቃል፤ ፒስተኑ ወደ ፊት ይወረወራል፤ ከፊቱ ያለው አየር ይታፈንና በጠባብ ቀዳዳ ወጥቶ ፍሬዋን ይገፋታል። በቃ። የፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ጎሚኒ አየር ካስመለጠ ጠመንጃው ያስላል እንጂ አይተኩስም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ፍሬ ሳይጎርስ ምላጩን መሳብ ክልክል ነው። አየሩን የሚያቆመው ነገር ስለማይኖር ቀድሞ ያመልጣል፤ ፒስተኑም ትራስ አጥቶ በሙሉ ፍጥነቱ ከሲሊንደሩ ግንባር ጋር ይላተማል። ሞላና ጎሚኒ የሚሞቱት በዚህ ነው። ሐበሻ እንግዳ ደግሞ ጠመንጃ ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? ያነሳል፣ ያጥፋል፣ ባዶውን ቀጭ ያደርጋል፣ «አይ፣ ደህና ናት» ብሎ ያስቀምጣል። መሐንዲሱ ቤት ቡና ሊጠጣ የመጣው ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ ነው የሄደው።

ያም ሆኖ ጠመንጃው ደህና ይመታ ነበር፤ ለጣጣው ሁሉ መነሻ የሆነውም ይኸው ነው። ደህና የሚሠራ ዕቃ መሐንዲሱን ያስከፋዋል፤ የሚሠራለት ነገር ያጣል። ማታ ማታ ዩቲዩብ ላይ አንድ ጢማም ሰውዬ ጠመንጃ ሲፈታ ማየት ጀመረ። ሰውየው ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ቀባብቶ፣ ገጥሞ ሲጨርስ አሥር ደቂቃ አይፈጅበትም፤ መሀል ላይ ተቆርጦ የወጣውን ስድብና ፍለጋ ማንም አያሳይህም።

«ኃይሉን ልጨምርለት ነው» አለኝ አንድ ቀን።

«ለምን?»

«ለምን ማለት ምን ማለት ነው?»

ለዚህ ጥያቄ ዛሬም መልስ የለኝም። ነገር ግን ልብ ያለው ሰው ሊያውቀው የሚገባ ሐቅ አለ። ጠንካራ ሞላ መግጠም በተመሳሳይ መጠን ጉልበት አይጨምርም። ጉልበቱ የሚወሰነው ሲሊንደሩ በሚይዘው የአየር መጠንና አየሩ በሚወጣበት ቀዳዳ ስፋት ጭምር ነው። ከዚያ የተረፈው የሞላ ጉልበት የሚሄደው ወደ ትከሻህ ነው፤ ጠመንጃው ይረግጣል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ኢላማ ይስታል። ሞያውን የሚያውቁ ሰዎች የሚደክሙት ኃይል ለመጨመር ሳይሆን ዝምታ ለመጨመር ነው። የሞላውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳሉ፤ ሞላው ውስጥ የሚቆመውን ዘንግ ክፍተት የሌለው ያደርጉታል፤ ወፍራም ግራሶ በስሱ ይቀባሉ። እንዲህ የተሠራ ጠመንጃ ሲተኮስ የሚያሰማው ድምፅ «ድንግ» ሳይሆን «ጥፍ» ነው። ይህን ሁሉ ጢማሙ ሰውዬም ይናገራል፤ መሐንዲሱ ግን ያን ክፍል ዘልሎታል።

ዕቃው በፖስታ መጣ። አዲስ ሞላ፣ ረዘም ያለ። አዲስ ጎሚኒ። ሞሊብዲነም የሚሉት ጥቁር ግራሶ፣ አንዴ እጅ ከነካ በሦስት ሳሙና የማይለቅ። ከጋራዡ ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካቻቪቴና መዶሻ አመጣና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደረደረ።

«መዶሻው ለምን?» አልኩት።

«ለማንኛውም።»

የዚህ ጠመንጃ ሞላ ሳይወጠር እንኳ ታፍኖ ነው የተቀመጠው፤ የኋላው መዝጊያ ሲፈታ ታፍኖ የኖረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሊወጣ ይፈልጋል። ለዚህ ተብሎ በብሎን እየላላ ሞላውን ቀስ አድርጎ የሚለቅ መጭመቂያ አለ፤ ከጣውላና ከአንድ ረጅም ብሎን ቤት ውስጥ የሚሠሩትም ብዙ ናቸው። መሐንዲሱ ግን መጭመቂያ አልሠራም። መጭመቂያው እኔ ነበርኩ። «አንተ ጫፉን ያዝልኝ፣ እኔ ፒኑን ሳወጣ በደረትህ ትገፋዋለህ» ሲለኝ ልጆቼ ፊቴ ላይ መጡብኝና ማቀዝቀዣው ጀርባ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ በቃል ልረዳው እንደምችል ነገርኩት።

ብቻውን አወጣው። ሞላው በአየር ላይ ያደረገውን ጉዞ በዓይኔ አልተከታተልኩም፤ ጣሪያ ሲመታ ሰማሁ፣ ከዚያ ግን ሲወድቅ አልሰማሁም። ብዙ ፈለግን። በመጨረሻ ያገኘችው ሚስቱ ናት፣ ለማግስቱ ሊጋገር ተቦክቶ በተቀመጠው የጤፍ ሊጥ ውስጥ፣ ከነጥቁር ግራሶው። ሊጡን አየችው፣ ሞላውን አየችው፣ እሱን አየችው።

«ንገረኝ እስቲ፤ ይሄ እንጀራ አሁን ስንት ፉት ፓውንድ ነው?»

አዲሱን ሞላና ጎሚኒ ያስገባው በዚያው ስሜት ነው፤ የተቆጣ ሚስት እየሰማች ያለ ሰው ዝርዝር አያይም። ሲሊንደሩ ለማጠፊያው ክንድ ተብሎ በረጅሙ የተቀደደ ቦታ አለው፤ የቅዳዱ ጠርዝ እንደ ቢላ የሰላ ነው። ጎሚኒው በዚያ ላይ ሲያልፍ እንዳይቆረጥ ጠርዙን ቀድሞ በሞረድና በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ካልሆነም በጣት እየተጫኑ በጥንቃቄ ማሻገር ያስፈልጋል። የሱ በመዶሻ ተሻገረ። እንዳለውም ለማንኛውም ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የዘይት ነገር ነው። ጠመንጃው አዲሱን አካሉን ለብሶ ሲተኮስ እንደ ሽማግሌ አሳለ። መሐንዲሱ «ደርቆ ነው» አለና የልብስ ስፌት መኪና ዘይት በአየር መውጫው ቀዳዳ አንቆረቆረበት። ጓሮ ወጣን፤ ወጥሮ ተኮሰ። እግዚኦ! የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ከአፈሙዙ ሰማያዊ ጭስ ወጣ፤ አካባቢው የተቃጠለ መጥበሻ ሸተተ። የጎረቤት አሮጊት በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው ሁሉ ደህና እንደሆነ ጠየቁ። መሐንዲሱ ግን ፊቱ በርቶ፣ «አየህ ኃይል?» ይለኛል።

ኃይል አልነበረም፤ ናፍጣ ሞተር ነበር። ናፍጣ ሞተር ሻማ የለውም። አየሩን በጣም አፍኖ ያሞቀውና ነዳጁ በዚያ ሙቀት ብቻ ይነሳል። የአየር ጠመንጃ ሲሊንደርም አየር አፍኖ በቅጽበት እጅግ የሚያሞቅ ዕቃ ነው፤ ነዳጅ ነክ ዘይት ከገባበት ይነሳል። እንዲህ ያለው ፍንዳታ ጎሚኒ ያቃጥላል፣ ሞላ ይሰብራል፣ ፍሬዋንም ከታሰበው በላይ ያስወነጭፋል። ስለዚህ ከጎሚኒው ፊት ተራ ዘይት አይገባም። ማጠፊያው ላይ ጠብታ ግራሶ፣ ሞላው ላይ ስስ ቅብ፣ ውጩ ላይ በዘይት የራሰ ጨርቅ፤ ከዚህ ያለፈ ልግስና ጉዳት ነው።

ዘይቱ ተቃጥሎ ሲያልቅ ጠመንጃው ወደ ሳሉ ተመለሰ። ወደ ሸጠው ሱቅ ወሰድነው። ሱቁ ውስጥ የፍሬ ፍጥነት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ ፍሬዋ በሁለት የብርሃን ዓይኖች መሀል ስታልፍ በሰከንድ ስንት እንደሄደች ይጽፋል፤ ከክብደቷ ጋር ሲሰላ ጉልበቱ ይወጣል። አንድ ግራም የማትሞላ፣ 0.94 ግራም የምትመዝን ፍሬ በሰከንድ 186 ሜትር ገደማ ስትደርስ የ12ቱን ጣሪያ ነካች ማለት ነው። የመሐንዲሱ ጠመንጃ 6 ፉት ፓውንድም በመከራ ነው የደረሰው። ሽማግሌው ሻጭ መነጽሩን አውልቆ አየው።

«ምን አደረግኸው?»

«አሻሻልኩት።»

ሻጩ ሳይስቅ አንድ ቁም ነገር ነገረው። ያሰበው ተሳክቶለት ጉልበቱ 12ን ቢያልፍ ኖሮ፣ አውቆ ይሁን ሳያውቅ፣ ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ የያዘ ሰው ይሆን ነበር። ከፍርድ ቤት ያዳነው ሞያ ማነሱ ነው። ይህን ስተረጉምለት መሐንዲሱ «ተመስገን» አለ፤ ከልቡ ነው ያለው። ሻጩ ጠመንጃውን ተቀብሎ በመጭመቂያ ፈታው፣ ደህና ጎሚኒ ገጠመለት፣ ከሊጥ የወጣው አሮጌ ሞላ ቀጥ ያለና ጤነኛ መሆኑን አይቶ ጫፉን አለስልሶ መለሰው። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰ።

ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው የመሐንዲሱ አባት ከጎጃም ለልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲመጡ ነው። አባባ በወጣትነታቸው ምንሽር ያነገቱ፣ አልቤን የፈቱ ሰው ናቸው። ሳሎን ተቀምጠው ጠመንጃውን አዩት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጠመንጃ ነው አባባ፤ በአየር ነው የሚሠራው።»

«ምን ይገድላል?»

«ኧረ ምንም አይገድልም! ቆርቆሮ ነው የምንመታበት።»

አባባ ጥቂት ዝም አሉ። «ቆርቆሮ ምን በደለህ?»

መሐንዲሱ የጠመንጃውን ክብር ለማስጠበቅ ታሪክ መጥቀስ ጀመረ። የኦስትሪያ ጦር ከ1780 አካባቢ ጀምሮ ጂራርዶኒ የሚባል፣ 20 ያህል ጥይት ተራ በተራ የሚጎርስ የአየር ጠመንጃ ታጥቆ እንደነበር፣ ሜሪዌዘር ሉዊስ የሚባል ሰውም አሜሪካንን ሊያስስ ከ1803 እስከ 1806 በተጓዘበት ዘመቻ እንዲህ ያለውን ይዞ የአገሬውን ሰው ሲያስደንቅበት እንደኖረ ነገራቸው። አባባ በጥሞና ሰሙ። አየሩ ከየት እንደሚመጣ ጠየቁ። ሰደፉ ራሱ የአየር ጋን እንደሆነና እሱን ለመሙላት ፓምፑን 1,500 ጊዜ ያህል መምታት ያስፈልግ እንደነበር ሲሰሙ፣ «እስከዚያ ጠላት ምን እያደረገ ይጠብቃል?» አሉ።

ርግብ ስለመምታትም ተነስቶ ነበር፤ አልቆየም። «የኖኅን መልእክተኛ? በቤቴ?» አሉ፤ ቤቱ የልጃቸው መሆኑን ማንም ለማስታወስ አልደፈረም።

ከዚያ ጠመንጃውን ተቀበሉ። አቀባበላቸውን ብቻ ላየ ትምህርት ነው። አፈሙዙን ወደ ማንም ሳያዞሩ፣ ጣታቸውን ምላጩ ላይ ሳያደርጉ ወሰዱት፤ መጀመሪያ አጥፈው ባዶ መሆኑን አዩ። ሲያጥፉትም አፈሙዙን አልለቀቁትም፤ የታጠፈ አፈሙዝ ምላጩ ቢነካ ተመልሶ ጣት ሊቆርጥ እንደሚችል ማንም ሳይነግራቸው ገባቸው። ሰደፉን ይዘው ትንሽ ነቀነቁት። ጆሯቸውን አስጠጉ።

«ይወዛወዛል።»

«ምኑ አባባ?»

«ሰደፉ ነዋ። ካቻቪቴ አምጣ። ይሄን አይደለም፣ ለብሎኑ አፍ የሚሞላውን።»

የሰደፉ ብሎኖች ሁሉ ላልተው ነበር። ይህ ጠመንጃ ሲተኮስ መጀመሪያ ፒስተኑ ወደ ፊት ሲሄድ ወደ ኋላ ይረግጣል፤ ፒስተኑ ሲቆም ደግሞ ወደ ፊት ይገፋል። በዚህ ንዝረት ብሎን ቀስ በቀስ ይላላል፤ ለዚህ ዓይነት ጠመንጃ ተብሎ ያልተሠራ የማነጣጠሪያ መነጽርም ውስጡ ይፈርሳል። ኢላማ የሚስት የአየር ጠመንጃ ሲያጋጥም ከምንም በፊት ብሎኑን ማጥበቅ ነው። አባባ አጠበቁ፤ አጥብቀውም የምራታቸውን ኩቲክስ አስመጥተው በየብሎኑ አናት ጠርዝ ላይ ጠብ ጠብ አደረጉ። እንዳይላላ ይይዘዋል፤ ሲፈለግ ደግሞ ይለቃል። ምራታቸው ቀይ ኩቲክሷን በጠመንጃው ላይ ስታይ ምንም አላለችም፤ ለአማት ሌላ ሕግ ነው ያለው።

መሐንዲሱ አፈሙዙን በሽቦ ብሩሽ ሊፍቅ ሲነሳም ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ባሩድ የሌለው ጠመንጃ አፈሙዙ ቶሎ አይቆሽሽም፤ እርሳስም ለስላሳ ነው። ኢላማ መሳት ሲጀምር ብቻ ንጹሕ ጨርቅ ከኋላ ወደ ፊት መሳብ ይበቃል። ውጩን ግን ከነኩት በኋላ ሁልጊዜ መወልወል ነው፤ የእጅ ላብና የበርሚንግሃም እርጥበት ተባብረው ብረት ላይ ዝገት ለማብቀል አንድ ሌሊት ይበቃቸዋል።

የቀረው የፍሬ ጉዳይ ነበር። ለዚህ ጠመንጃ ከተደረገለት ማሻሻያ ሁሉ የሠራው ይሄ ነው፤ የሚጠይቀው የአንድ ጣሳ ፍሬ ዋጋ ነው። ሁለት አፈሙዝ አንድ ዓይነት ፍሬ አይወድም። በአንድ መጠን የሚሸጡት የቼክና የጀርመን ፍሬዎች እንኳ በራሳቸው ስፋት በመቶኛ ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ የድሮ የእንግሊዝ አፈሙዝ ደግሞ ትንሽ ሰፋ ያለውን ይመርጣል። ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት ገዝቶ፣ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ወረቀት ላይ ተኩሶ፣ ቀዳዳዎቹ የተጠጋጉበትን መምረጥ ነው። አያያዙም ዋጋ አለው። የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ሲጨብጡት ያኮርፋል፤ የግራ መዳፍ ላይ አሳርፎ እንደፈለገ እንዲረግጥ መተው ነው። የአውቶቡስ መሪ ሲጨብጥ ለኖረ ሰው ከባድ ትምህርት ነው። አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ያለ መነጽር፣ በእፎይታ አንድ ፍሬ ለቀቁ። ወረቀቱ መሀል ተበሳ። «ደግሞ ልሞክር» አላሉም፤ ጠመንጃውን መለሱና ቡና ጠየቁ።

ስለ እጅ መታጠብ የምለው ቀልድ የለውም። ፍሬው እርሳስ ነው፤ እርሳስ መርዝ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንበላው በእጃችን ነው። ፈረንጅ በሹካ ስለሚበላ ትንሽ ቢዘናጋም ያመልጥ ይሆናል። ፍሬ ሲቆጥር የዋለ ጣት እንጀራ ሊቆርስ፣ ይባስ ብሎም ልጅ ሊያጎርስ ሲዘረጋ ማየት ያስደነግጣል። በዚህ ቤት አሁን ደንቡ ግልጽ ነው፤ ከጓሮ የገባ ሰው ሳሙና ሳይነካ መሶብ አይነካም። ፍሬን በከንፈር መያዝም ቀርቷል።

ጓሮው ውስጥም ሥርዓት ተበጅቷል። ከኢላማው ጀርባ አሸዋ የሞላ ሣጥን አለ፤ ፍሬ ከድንጋይና ከጠንካራ ጣውላ ተንጥራ ስለምትመለስ የዓይን መከላከያ መነጽር ያላደረገ ሰው አይቆምም። ከግቢው አጥር አልፋ የወጣች ፍሬ ሕግ መጣስ ናት፤ የጎረቤት አሮጊት አይተዋትም አላዩዋትም። ጠመንጃው ተቆልፎ ይቀመጣል። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ እንዳያገኘው ጥንቃቄ ያላደረገ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል፤ ቁልፉን የያዘችው ሚስቱ ናት፣ ከሊጡ ቀን ጀምሮ።

አሁን መሐንዲሱ ዓይኑን የጣለው ሌላ ዓይነት ላይ ነው። ሞላ የለውም፤ በጠርሙስ የታፈነ አየር ይሞላል፣ ረጋ ብሎ በትክክል ይመታል። በኦሎምፒክ፣ ከ1984ቱ ሎስ አንጀለስ ጀምሮ በሚደረገው የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ውድድር፣ ዛሬ ተወዳዳሪዎቹ የሚይዙት የታፈነ አየር የሚሞላውን ነው፤ የዚያ ኢላማ አሥር ቁጥር ስፋቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ዕቃው ግሩም ነው። ግን 200 ባር ግፊት ነው የሚይዘው፤ የመኪና ጎማ የሚይዘው ከ2 ባር ትንሽ ዘለል ይላል። «ይሄንን ከፍቼ ጎሚኒውን ባየው…» ሲል ሰምቼዋለሁ። ለሚስቱ ነግሬያለሁ።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ጥሩ ፍሬ በስጦታ ግዙለት፣ ብሎኑን አጥብቁለት፣ መዶሻውን ደብቁበት። ሞላ ይዞ መጥቶ «ጫፉን ያዝልኝ» ካላችሁ ግን ለቅሶ አለብኝ በሉትና ውጡ።